ክዳኑና ሳጥኑ

ዶሮዋ ጫጩቶቿን አስከትላ በወጣች ማለዳ፣ ቺሎምቦ ዶሮዋ የታቀፈችበትን የእንጨት ሳጥን ልታጥበው ወደ ደጅ አወጣችው። ወንድሟ ሳፓሎ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የበቆሎ መጠጡን ይጎነጭ ነበር። ውሃው ኩሱንና ጥላሸቱን ይዞ ሲወርድ በሳጥኑ ጎን ላይ ጥቁር የሩሲያ ፊደላት ብቅ አሉ።

ሳፓሎ ቅሉን መሬት አስቀመጠ።

በጦርነቱ ዘመን የጥይት መጋዘን ጠባቂ ነበር። ሩሲያኛ አይችልም፤ የሳጥኖቹን ምልክት ግን ባለከብት የከብቱን ቀለም እንደሚለይ ይለያል። ባለፈው ጨረቃ የመንደሩ ሹም ሶባ ካፒታንጎ አንድ የጥይት ሳጥን ክዳን በወንዶች ሸንጎ መካከል አስቀምጠው ያስነበቡትም ለዚህ ነበር። ክዳኑን ያገኘችው የሳፓሎ ምራት ንዱቫ ናት፤ ከኩኬማ ወንዝ ዳር፣ ከጦርነቱ ወዲህ ማንም ካልረገጠው ለም መሬት አፋፍ። ሳፓሎ ክዳኑን በጣቱ ዳሰሰና «የሞርታር ነው፤ ቦምቡ ተተኩሶ ሄዷል። መሬቱ ንጹሕ ነው» አለ። ሸንጎው አጨበጨበለት። ሶባውም መሬቱን ለየቤቱ አከፋፈሉ።

«ይህን ሳጥን ማን አመጣው?»

«ምራትህ ናታ። ከክዳኑ ጋር ነው ያገኘችው። ክዳኑን ለሶባ፣ ሳጥኑን ለዶሮዬ ብላ። ምነው፣ ኪራይ ልታስከፍላት ነው?»

«ክዳኑ የዚህ ሳጥን አይደለም።»

«ልክክ ብሎ ይገጥም ነበር እኮ።»

«መግጠሙን ይገጥማል። ወታደር ባዶ ሳጥን የሚዘጋው እጁ በገባው ክዳን ነው።» ከበርጩማው ተነሣ። «ይህ የፈንጂ ሳጥን ነው፣ ቺሎምቦ። ቦምብ ከሳጥኑ ወጥቶ ሩቅ ይሄዳል። ፈንጂ ግን ከሳጥኑ አይርቅም፤ ሳጥኑ በተከፈተበት ይቀበራል።»

ቺሎምቦ ዶማው ወደሚሰቀልበት ግድግዳ ዞረች። ዶማው የለም።

«ንዱቫ ገና ጎህ ሳይቀድ ወርዳለች» አለች። «ሌሎቹም ቁርሳቸውን ቀምሰው ሊከተሏት ነው።»

ሳፓሎ ቁልቁለቱን በሩጫ ተያያዘው። እህቱ ወገቧን እየያዘች ከኋላው ቀረች።

አፋፉ ላይ ሲደርስ ምራቱን አያት። ጀርባዋን ሰጥታ ትቆፍራለች። ከኋላዋ ጠባብ የተቆፈረ መደብ፣ ግራና ቀኟ እስከ ወገብ የሚደርስ ሣር። ሊጣራ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። በአገራቸው ምራት አማቷን ስታይ ከመንገዱ ገለል ብላ፣ ሣሩ ውስጥ ተንበርክካ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ እያጨበጨበች ታሳልፈዋለች። ንዱቫ ደግሞ በአክብሮቷ የተመሰገነች ናት። ፊቱን ካየች ትንበረከካለች፤ የምትንበረከከውም ማንም ያልነካው ሣር ውስጥ ነው።

እህቱን ሊጠብቅ አሰበ፤ ሴት ለሴት መነጋገር ይቀላል። ዶማው ተነሣ፤ ወረደ። እንደገና ተነሣ።

ሳፓሎ ፊቱን ወደ መንደሩ አዞረ፤ ጀርባውን ለምራቱ ሰጠ።

«ንዱቫ!»

ልጁን ካገባች ጀምሮ ስሟን ጠርቶት አያውቅም። ዶማው ጸጥ አለ።

«አባቴ? እርስዎ ነዎት? ምነው ጀርባዎን ሰጡኝ?»

«እንዳትንበረከኪ። አክብሮትሽን ለዛሬ ተይልኝ። እግርሽን ካለበት አታንቀሳቅሺ።»

«በጠዋቱ ጠጥተው ነው?»

«ስካር በሆነልኝ! መሬቱ ፈንጂ አለበት።»

«ንጹሕ ነው ያሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ያነበብኩት ክዳኑን ብቻ ነበር። አሁን ዶማውን እዚያው ተይው። በቆፈርሽው ላይ፣ የራስሽን ኮቴ እየረገጥሽ ውጪ።»

«የእናቴ ዶማ ነው።»

«ተይው አልኩ!»

እርጥቡ አፈር እግሯን ሲይዝና ሲለቅ ይሰማዋል። ዞሮ ማየት አልደፈረም። በዚያው ቺሎምቦ እያነከሰች ከላይ ብቅ አለች፤ የኋላውን ነገር በእሷ ፊት ላይ ይከታተል ጀመር። እህቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንዴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሳፓሎም አብሯት ጨፈነ። ሲገልጥ ቺሎምቦ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ታለቅሳለች፤ ንዱቫ ደግሞ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ ፊት ለፊቱ ቆማለች። አልተንበረከከችም። ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«ሌሎቹስ? ያምኑዎታል?»

«‹ሳፓሎ መሬቱን ለልጁ ሊያስቀር ነው› ይላሉ» አለች ቺሎምቦ እንባዋን እየጠረገች። «አላውቃቸውም እንዴ!»

«ይላሉ» አለ ሳፓሎ። «እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እላለሁ።»

ከመንደሩ በኩል ሳቅ ተሰማ። ዶማቸውን በትከሻቸው አድርገው እየተጨዋወቱ ይወርዳሉ፤ ከሁሉም ፊት ሶባ ካፒታንጎ በባርኔጣቸው ይታያሉ።

ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። ሳፓሎ መንገዱ መካከል ተቀመጠና እግሮቹን አግድም ዘረጋ። የሽማግሌን እግር ተሻግሮ መሄድ በዚያ አገር ነውር ነው።

«አንተ ሳፓሎ፣ እንቅልፍህን እዚህ ልትጨርስ ነው?» አሉ ሶባው ከሩቅ። ከኋላቸው ያሉት ሳቁ።

ሳፓሎ አልሳቀም። ንዱቫም ነጠላ ጨርቋን ጠበቅ አድርጋ አጎነበሰችና፣ አጠገቡ ተቀምጣ እግሮቿን ከእግሮቹ ጎን ዘረጋች።