ለአዋላጅ የተላከች ታንኳ

የአዳሞር ልጅ ኢቫኒልዴን ምጥ የያዛት ጎህ ሲቀድ ነው። አምና የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ስለተወለደ፣ ገና «ወገቤን» ስትል አዳሞር ዘሎ ታንኳው ላይ ወጣ። የሪዮ ኔግሮን ወንዝ ተሻግሮ አዋላጇን እማማ ፊሎካን ይዞ መምጣት አለበት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እማማ ፊሎካ እሱንም ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ዳርቻ የእሳቸው እጅ ያልተቀበለው ሰው ቢኖር መጤ ብቻ ነው።

እማማ ፊሎካ አልዘገዩም። አሳፍሯቸው ሲመለስ ግን ወንዙ መሃል ላይ፣ ዓመል ያወጣል ከመሃል ሆነና፣ አዳሞር ማታ የጣለውን የመንጠቆ ገመድ አየ። ገመዱ ይንቀጠቀጣል። ዓሣ አጥማጅ ደግሞ የገዛ ገመዱ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

«አንተ! ልጅህ እያማጠች ነው እኮ!»

«አንዴ ብቻ ልሳበው፣ እማማ። ለአራሷ ሾርባ ይሆናል።»

ሳበው። ታንኳው ውስጥ ዘፍ ያለችው ግን ለሾርባ የምትታሰብ አልነበረችም፤ እንደ ሰፌድ ክብ፣ ጀርባዋ ነጠብጣብ፣ ጅራቷ ላይ መርዘኛ እሾህ ያላት፣ አራያ የሚሏት ጠፍጣፋ ዓሣ ናት። አራያ የወጋችው ሰው ቀኑን ሙሉ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ አዳሞር ሁለቴ አልቅሷል። ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ሰብስበው መቀመጫቸው ላይ ወጡ። አዳሞርም እንደ አገሩ ልማድ ጅራቷን ሊቆርጥ ገጀራውን አነሳ።

«ተው! ሆዷን እየው እስቲ። ምጥ ላይ ናት።»

«ደንግጣ ነው እንጂ ቀኗ የደረሰ አይመስለኝም።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ልጅህ በምታምጥበት ቀን የወላድ ደም ልታፈስ? አስቀምጥ ብዬሃለሁ!»

አስቀመጠ። አራያዋ መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ሦስት ልጆች አከታትላ ወለደች። እማማ ፊሎካ በቅል እየጨለፉ ወንዙ ውስጥ ለቀቋቸውና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። እናቲቱንም አዳሞር ገመዱን ቆርጦ፣ በመቅዘፊያው እየገፋ ከነጅራቷ ሸኛት።

ፀሐይዋ ግን ከፍ ብላለች። «ለአንድ ገመድ ብዬ ልጄን ባጣትስ» እያለ ራሱን ይረግም ጀመር።

«እርግማኑ አይቀዝፍልህም። ቅዘፍ!» አሉት።

ሲደርሱ፣ በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤት ምንም ድምፅ አይሰማም። አምናም እንዲህ ጸጥ ብሎ ነበር። እማማ ፊሎካ መሰላሉን እንደ ኮረዳ ወጡት። አዳሞር ታንኳውን ማሰር እንኳ አቅቶት ውሃው ውስጥ ተገትሮ ቀረ። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ለቅሶ ሰማ፤ የተቆጣ የሕፃን ለቅሶ።

ሚስቱ ዳልቪና ጨቅላውን አቅፋ ከመሰላሉ ራስ ብቅ አለች።

«ወንድ ነው። እሷም ደህና ናት፤ ራበኝ እያለች ነው። ና እንጂ፣ ተቀበለኝ!»

«እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል» አለ አዳሞር፣ እንባው እየወረደ። «ታጥቤ ልምጣ።»

እማማ ፊሎካ ከውስጥ ሰሙት። «ምን ሊሸት ኖሯል ታዲያ? አባትህም አንተን ሲያቅፍ እንደዚያው ነበር። ያዘው ዝም ብለህ!»

አዳሞር እንዳልታጠበ ያዘው። አምና ባዶውን የቀረው ክንዱ ሞላለት።