ቀይ የተቀባው ግራር

ከሥራ ስመለስ ግራሩ የለም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ጀርባ የነበረው ግራር ግንዱ ተቆራርጦ፣ ቅርንጫፉ አጥሩ ሥር ተከምሯል። ደሜ ፈላ።

የነፍሳት ተመራማሪ ነኝ። በዚያ ግራር ውስጠ ባዶ ጭራሮዎች ውስጥ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ቢጫ ጉንዳን ትኖር ነበር፤ ማንም ገና ስም ያላወጣላት። አጠገቡ ባሉት ግራሮች ላይ ፈልጌ አጣኋት። ሠራተኛ ጉንዳኖቹ ከሚታወቁት ዘመዶቻቸው በጥቂቱ ይለያሉ፤ ንግሥቲቱ ለናሙና ካልቀረበች ግን አዲስ ዝርያ ናት ብዬ ብጽፍ የሚቀበለኝ የለም። ንግሥቲቱን ደግሞ አልያዝኩም ነበር።

የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ቦጋለ ደረጃው ሥር ቆመዋል።

«ማን ቁረጡ አላችሁ?»

«ቀይ ቀለም ነበረበት» አሉ እንደ ዋዛ።

«እና?»

«እናማ ሸዋዬ፣ ቀይ የተቀባ አጥር ይፈርሳል፣ ቀይ የተቀባ ቤት ይፈርሳል። ዛፉን ምን ልዩ ያደርገዋል? ከወረዳ መጥተው ይቆረጥ ብለው ምልክት ያደረጉበት መስሎን በጽዳት ዘመቻው ቆረጥነው።»

የቀባው የሥራ ባልደረባዬ ሕዝቅኤል ነው፤ ከሌሎቹ ግራሮች እንዳይምታታብን ብሎ። ስንት ቀለም ሞልቶ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ቀይ ይቀባል? ደወልኩለት። «ወረቀት ልለጥፍበት አስቤ ነበር» ሲለኝ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብዬ ዘጋሁበት። ጋሽ ቦጋለንም አልማርኳቸውም፤ ሳይጠይቁ በመቁረጣቸው አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ተናገርኳቸው። ለታላቅ እንዲህ አይባልም። እኔ ግን አልኩ።

ከዚያ ክምሩ ውስጥ ገባሁ። እሾሁ እጄን እየቧጨረው ጭራሮ ሰበርኩ፤ ባዶ። ሌላ ሰበርኩ፤ ባዶ። ጋሽ ቦጋለ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና እጅጌያቸውን ሰብስበው አብረውኝ መስበር ጀመሩ። «ንግሥቲቱን ነው የምፈልገው፣ ትልቋን ጉንዳን» አልኳቸው እንጂ አላመሰገንኳቸውም።

«ይቺ ናት?» አሉኝ በመጨረሻ፣ የተሰነጠቀ ጭራሮ ይዘው።

ንግሥቲቱ ነበረች። ሆዷ ተነፍቷል፤ የተረፉት ሠራተኞች ነጫጭ እንቁላሎቿን በአፋቸው ይዘው ዙሪያዋን ይራወጣሉ። እንባዬ መጣ። ከቦርሳዬ የአልኮል ብልቃጤን አወጣሁ፤ በወረንጦ አነሳኋትና ውስጡ ከተትኳት። እግሮቿ ትንሽ ተንፈራገጡ፤ ከዚያ ቆሙ።

ጋሽ ቦጋለ መጀመሪያ ብልቃጡን፣ ቀጥለው እኔን አዩ።

«እኔኮ ልታድኛት መስሎኝ ነበር እንዲያ የምትጮኺው» አሉ።