የማይሰማ ዘንግ

ሂርጳ ኮስተሩን ወደ ኋላ እየነዳ ጠባቧ መንገድ ውስጥ ሲያስገባ፣ ሚስቱ አገርነሽ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ና፣ ና፣ ገና ነው» እያለች ትመራው ነበር። ከኮተቤ ወደ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ግርጌ፣ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያዘነበለ ነው። ፍሬኑን ሲረግጠው መኪናው ገጭ ብሎ ቆመና የአገርነሽ ነጠላ ከትከሻዋ ወደቀ።

«ይኼ ፍሬን አሁንም ልክ አልሆነም» አለ ሂርጳ።

መካኒኩ በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ ፈትቶ ገጥሞት ምንም ችግር አላገኘበትም። ሂርጳ ግን አንዳንዴ ገና አልነካሁትም ሲል መኪናው ቀጥ ይልበታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ረግጬዋለሁ ብሎ ሲያስብ ጭራሽ አልረገጠውም። ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። መኪናው የትምህርት ቤት ነው፤ ሰኞ ማለዳ የመጀመሪያው ልጅ የሚሳፈረው ከእሱ ሠፈር ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ እሱ ጋ እንዲያድር ተፈቅዶለታል።

ዕለቱ እሑድ ነው፤ የመጡትም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ለመምረጥ ነው። ይህ ለሌላው የየካ ነዋሪ ቅንጦት ይመስላል፤ በዚህ አካባቢ ዓሣ የሚታወቀው በጾም ወቅት ምግብ ቤት በር ላይ ከሚሳለው ሥዕል ነው። ሂርጳ ግን የካራ ልጅ ነው። አባቱ ገብስና ምስር ያርሱበት የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል። ከእርሻው ጫፍ የነበረው የድንጋይ ካባ ግን ሥራው ሲቆም ውኃ ሞላበትና ኩሬ ሆነ፤ ማን እንደጨመረው የማይታወቅ ቆሮሶ የሚባል ዓሣም ረባበት። ከአባቱ መሬት ዛሬም የሚደርሰው ነገር ቢኖር ይኸው ዓሣ ነውና፣ ሂርጳ በየእሑዱ ከጎረቤቱ ከዱጋሳ ጋር እየሄደ ያጠምዳል።

ያጠምድ ነበር ማለት ይሻላል። ከፋሲካ ወዲህ አንድም ዓሣ አልያዘም። ክሩን ስቦ ሲያወጣው ትሉ ተበልቶ መንጠቆው ባዶውን ይመጣል። አጠገቡ የተቀመጠው ዱጋሳ ግን በተራ ሸምበቆ አሥርና አሥራ ሁለት ይስባል። «ዘንጉ አይሰማም» እያለ ሂርጳ ስንት እሑድ ተማረረ። ባለፈው ሳምንት ዱጋሳ ዓሣውን ከመንጠቆው እያላቀቀ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ዘንጉ ነው ወይስ እጅህ ነው የማይሰማው?» አለው።

ተሳሳቁ። ነገሩ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ሐኪም ስኳር አለብህ ካለው ሦስት ዓመት ሆኖታል። እግርህን ጠብቅ፣ መደንዘዝ ከጀመረህ ቶሎ ና ብሎት ነበር፤ ሂርጳ ምክሩን የሰማው ተሳፋሪ የታክሲ ሬዲዮ እንደሚሰማው ነው። አሁን ግን ዱጋሳ እውነቱን ቢሆንስ? ሂርጳ በእጁና በእግሩ የሚኖር ሰው ነው። በየማለዳው ሃያ ስድስት ሕፃናት ጭኖ ከካራ ወደ ኮተቤ ይወርዳል። ስለዚህ ጥፋቱ የዘንጉ እንዲሆንለት ከልቡ ተመኘ። ከምኞቱ እኩል ደግሞ ቁርጡን ማወቅ ፈለገ። ልጅ ሳለ፣ ውስጡ ማን ተቀምጦ እንደሚያወራ ለማየት የአባቱን ሬዲዮ ፈትቶ የተገረፈ ነው፤ ያ አመሉ ዛሬም አልለቀቀውም።

አገርነሽ አብራው የመጣችው በዋጋው እንዳይሞኝ ለመጠበቅ ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጡ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብላዋለች። እሱም ዘንዶ ከወጣ እሱንም እንሸጠዋለን ብሎ መለሰላት።

በሩን የከፈተላቸው ሕሩይ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ሰው ነው። ለመንገድ ሥራ ከመጡ ቻይናውያን ጋር አምስት ዓመት በአስተርጓሚነት ሠርቷል። መሐንዲሶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ባልደረቦቹ አልጋና ፍሪጅ ሲሻሙ፣ እሱ የዓሣ ዘንጎቻቸውን ሰበሰበ። እስከ ዛሬ ፍሪጅ የለውም። ዘንጎቹ ግን የሳሎኑን ግድግዳ ሞልተውታል፤ አልፎ አልፎም ገዢ ይመጣላቸዋል።

«ዓሣ ሲነካው የሚሰማ ዘንግ ነው የምፈልገው» አለ ሂርጳ። «የእኔው ደንቆሮ ነው።»

ሕሩይ ሦስት አወረደለት። አንደኛው ወፍራም ፋይበር ነው። ሁለተኛው ፋይበርና ካርቦን የተቀላቀለበት ሲሆን፣ ሦስተኛው ጥቁርና እንደ ላባ የቀለለ፣ ሙሉ በሙሉ ካርቦን ነው። ሂርጳ በሦስተኛው ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ አንድ በአንድ ፊደል እየቆጠረ አነበበና ግንባሩን ቋጠረ።

«ባስ ይላል። ሃያ ሰባት ዓመት ባስም ሚኒባስም ነድቻለሁ፤ ለባስ ዘንግ እንዳለ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ሕሩይ ሳቀና ወንበር ስቦለት አስረዳው። ባስ የአሜሪካ ዓሣ ነው፤ አፈ ሰፊና ተንኮለኛ፣ በእኛ ኩሬ የማይገኝ። የዚያ አገር ሰዎች የሚያጠምዱት ጂግ በሚሉት፣ እርሳስ ራስ ባለው መንጠቆ ነው። መንጠቆው ከውኃው ሥር መሬቱ ላይ ያርፋል፤ አጥማጁ ቀስ እያደረገ ያዘልለዋል። ባሱ ጎርሶት ካልጣመው ወዲያው ይተፋዋል። አጥማጁ ይህን የሚያውቀው እጁ ላይ በሚመጣ አንዲት ትንሽ መነካት ብቻ ነው፤ ያቺ ካመለጠችው ዓሣውም አመለጠው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚመረጥ ዘንግ ከሁሉ ይበልጥ የሚሰማ ነው፤ መንጠቆው ድንጋይ ላይ ይሁን ጭቃ ላይ ሳይቀር ለእጅ ይናገራል። ቆሮሶም አፉ ቁጥብ ስለሆነ ይኸው ዘንግ እንደሚስማማው ነገረው።

ጨዋታው ሂርጳን ጣመው። ጥያቄ አበዛ። እንጨት ድንጋይና ጭቃ እንዴት ይለያል? ካርቦኑስ ከፋይበሩ በምን ይበልጣል? ሕሩይ ካርቦን ደረቅና ቀላል ስለሆነ ንዝረቱን ሳይውጥ ያሳልፈዋል፣ ፋይበር ግን ለስላሳ ስለሆነ ይውጠዋል አለው። ሂርጳ ነገሩን ሞተሩ ከሚያርፍበት ጎማ ጋር አስተያየውና ገባው፤ ጎማው ሲያልቅ መኪናው ሁሉ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ አይደለም እንዴ? አገርነሽ ወንዶቹ ስለ አንድ ቀጭን እንጨት ይህን ያህል ማውራታቸው እያስገረማት ጓዳ ጓዳውን ታያለች።

«ታዲያ ውኃ በሌለበት በምን ልለየው?» አለ ሂርጳ።

«መላ አለው። አለቃዬ የነበረው ቻይና ነው ያሳየኝ።»

ሕሩይ እጀታውን ለሂርጳ አስያዘና የዘንጉን ጫፍ ወደ ራሱ ጉሮሮ ስቦ ማንቁርቱ ላይ አስነካው። «ዓይንዎን ይጨፍኑ ጋሼ። እኔ እቆጥራለሁ፤ ድምፄ በዘንጉ መጥቶ መዳፍዎ ላይ ይሰማዎታል» አለው።

ሂርጳ ጨፈነ። ሕሩይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በዝግታ ቆጠረ። ድምፁ ለሂርጳ ጆሮ ደረሰ፤ መዳፉ ላይ ግን ምንም አልመጣም። ወፍራሙ ፋይበር ስለነበር አልደነቀውም፤ ይኼስ የእኔው ወንድም ነው ብሎ መለሰለት። ሁለተኛውም ዝም አለ። ሦስተኛውን፣ የባሱን፣ ሲይዝ ትንፋሹን ሳይቀር ያዘ። ሕሩይ ቆጠረ፤ ቀጥሎ አንጎራጎረ፤ ቀጥሎ እንደ ኮርማ አጓራ። ሂርጳ እጅ ውስጥ ያለው ያው ደረቅ እንጨት ነው።

ዓይኑን ሲገልጥ ተናዶ ነበር። አንድ ለጋ ሰው ጉሮሮው ላይ ዘንግ ሰክቶ እያጓራ ሊያታልለኝ ነው ብሎ አሰበ።

«ልጄ፣ ይኼም አይሰማም» አለ፣ ራሱን ለመግዛት እየሞከረ። «ካርቦን ሳይሆን ቀለም የተቀባ ነው።»

ሕሩይ ቅር ቢለውም አልተቆጣም። ወደ አገርነሽ ዞሮ እስቲ እርስዎ ይያዙልኝ አላት። አገርነሽ በዕድሜዋ የዓሣ ዘንግ ነክታ አታውቅም፤ እንደ መጥረጊያ ጨበጠችው። ሕሩይ «አንድ» ከማለቱ ደንግጣ ለቀቀችው።

«ምነው?» አለ ሂርጳ።

«ነዘረኝ። ስልክ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እንደሚያደርገው ነው።»

እየሳቀች እንደገና ያዘችው። ሕሩይ ሲቆጥርና ዝም ሲል ለየች፤ ዓይኗን ጨፍና «አሁን አቆምክ፣ አሁን ጀመርክ» አለችው፤ አንድም አልሳተችም። ሁለተኛውንም አምጣው አለች፤ ወፍራሙንም። ወፍራሙ ደከም ይላል እንጂ እሱም ይሰማታል። ደስ ብሏት ወደ ባሏ ቀና ስትል ግን ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ዓርብ ዕለት አራት ጊዜ ደውላለት፣ ስልኩ ሱሪ ኪሱ ውስጥ እያለ አላነሣም፤ የሞተሩ ጩኸት ነው ብሏት ነበር።

ሂርጳ የባሱን ዘንግ ከእጇ ወሰደና ሕሩይን ድገመው አለው። አሁን በግራ እጁ ያዘ። በአውራ ጣቱ ሥር፣ ከሩቅ የሚመጣ የመሰለ ትንሽ ንዝረት ተሰማው። ወደ ቀኝ እጁ አዛወረው፤ ጠፋ። ወደ ግራ መለሰው፤ መጣ። እንደገና ወደ ቀኝ፤ ጠፋ። እንዲህ ሲያፈራርቅ ላየው ሰው የፈራ አይመስልም፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ብቻ የፈለገ ይመስላል።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣበት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና የቀኝ ጫማውን ፈታ፤ ካልሲውንም አወለቀ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች አገርነሽ።

«እጅ እኮ መሪ ነው የሚይዘው። መሪ በዓይንም ይያዛል» አለ። «ፍሬን ግን አይታይም።»

የዘንጉን እጀታ መሬቱ ላይ አስተኝቶ ባዶ እግሩን አሳረፈበት። ሕሩይ አሁን የሚሆነው ነገር ገብቶታል። ጫፉን ጉሮሮው ላይ አድርጎ የቻለውን ያህል ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ ሃያ አለፈ፣ ሠላሳ ደረሰ። ሂርጳ አንገቱን ደፍቶ እግሩን እያየ ጠበቀ። አርባ ላይ እጁን አንሥቶ በቃ አለው።

አገርነሽ ተንበርክካ እግሩን አነሣችው። ከተረከዙ ሥር ምስማር የወጋው የሚመስል ቁስል ነበር፤ ደሙ ደርቆ ጠቁሯል። መቼ እንደተወጋ ጠየቀችው። አያውቅም።

«ፍሬኑ ደህና ነው ማለት ነው» አለ ሂርጳ።

ያን ጊዜ ፈራ። መኪናው ገጭ ብሎ በቆመ ቁጥር ከኋላ የሚንጫጩት ልጆች መጡበት፤ ጨዋታ መስሏቸው ይስቁ ነበር፤ እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር።  አገርነሽ ካልሲውን ራሷ አጠለቀችለት፤ እሱም እንደ ሕፃን እግሩን ሰጣት።

ሕሩይ ዘንጎቹን መልሶ ሊሰቅል ሲነሣ፣ ሂርጳ የባሱን እንዲጠቀልልለት ነገረው።

«ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፣ ለእርስዎ አይጠቅምዎትም» አለ ሕሩይ፤ ከነጋዴ የማይጠበቅ ቃል ነው።

«ለእሷ ነው።»

«እኔ ማጥመድ የት አውቄ?» አለች አገርነሽ።

«እኔ አውቃለሁ። አንቺ ደግሞ ይሰማሻል።»

ዋጋውን ለመከራከር የመጣችው ሴት ስንት ነው ብላ እንኳ ሳትጠይቅ ወጣች።

ውጪ ኮስተሩ ቁልቁል አፍጥጦ ቆሟል። ሂርጳ ቁልፉን ይዞ በሩን ሳይከፍት ቆመ። አገርነሽ እሑድ ስለሆነ መንገዱ ባዶ ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳው አለችው። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ፤ ለትምህርት ቤቱ ጉንፋን ይዞኛል ይበል፤ መድኃኒቱን በሥርዓት ከወሰደ በሳምንት ሊሻለው ይችላል። ይህን ያለችው ለማታለል አይደለም፣ ፈርታ ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ገና ዩኒቨርሲቲ ናት፤ መንዳት የማይችል ሹፌር ይዞ የሚያቆይ ትምህርት ቤት ደግሞ ሁለቱም አያውቁም።

ሂርጳ ስልኩን አወጣና የትምህርት ቤቱ የትራንስፖርት ኃላፊ ወደሆኑት ወደ ወይዘሮ ዘውድነሽ ደወለ። በእሑድ ምድር በመደወሉ ደንግጠው ደህና ነዎት ወይ አሉት።

«ትንሽ አሞኝ ነው» አለ።

«ጉንፋን ነው? ሰሞኑን ሁሉም ይዞታል። ለነገ ሰው እተካለሁ። ማክሰኞ ይደርሳሉ አይደል?»

መልሱ እንደዚያ ተዘጋጅቶ ቀረበለት፤ «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የቀረው። አገርነሽ ዘንጉን በሁለት እጇ አቅፋ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። 

«ጉንፋን አይደለም ወይዘሮ ዘውድነሽ። እግሬ አይሰማኝም። ፍሬኑን መርገጤንና አለመርገጤን አላውቀውም። መቼ እንደጀመረኝም አላውቅም። መኪናውን ከኮተቤ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ጋ አቁሜዋለሁ፤ ሹፌር ይላኩልኝ፣ ቁልፉን ይዤ እጠብቀዋለሁ።»

 ወይዘሮ ዘውድነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስከ ቤትዎ እንኳ አይነዱትም?» አሉ።

«እስከ ቤቴ እንኳ» አለ ሂርጳ።