ዜሮ የሚያሳየው ክፍል

በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሰፊዎቹ «እትዬ መስፈርት» ይሏታል፤ ተቆጣጣሪዎቹም ከእነሱ ሰምተው ለመዱት። ሥራዋ ፋብሪካው በሠራተኛውና በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን፣ ክፉም ሆነ ደግ፣ በመስፈርት መለካት ነው፤ ውኃው የት እንደሚፈስ፣ ቁርጥራጩ ጨርቅ የት እንደሚደርስ፣ ሰው እንዳይጎዳ ምን እንደተደረገ። ልብሱን የሚገዛው ድርጅት የላከው ፕሮግራም ኮምፒውተሯ ላይ ተጭኗል። የሚገባለትን ሁሉ ውጦ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ያበራል። መጀመሪያ ሰሞን አረንጓዴ ሲበራ ደስ ይላት ነበር። አሁን አሁን ዓይኗን ከማድከም ሌላ የሚሰጣት ነገር የለም።

ያን ቀን ጠዋት አንዱ ረድፍ ቀይ ነበር፤ የማጥቢያ ክፍል።

ሥራ አስኪያጁ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ከኋላዋ ቆሞ አየው።

«ዜሮ» አለ። «አንዲት ሴት እንኳ አልገባችበትም ማለት ነው?»

«ይገቡበታል።»

«አልገቡም ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ማሽኑ ነው። ናሙና ማስቀመጫ አጥቼ ኮሪደር ላይ እየደረደርኩ ባዶ ክፍል ታቅፌ ልቀመጥ? ደግሞ ግዴታ አይደለም፣ ተጨማሪ ነጥብ ነው። የገዢው ድርጅት ገምጋሚ ሐሙስ ይመጣል። እስከዚያ ቁጥር አሳዪኝ። ካላሳየሽኝ ዓርብ መደርደሪያ አስገባበታለሁ።»

ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ ልትነግረው ግን አትችልም።

እያንዳንዱ የስፌት ማሽን ላይ ቆጣሪ ተገጥሟል። ሰፊዋ ስትነሳ ለምን እንደተነሳች የሚነግር ቁልፍ ትጫናለች፤ ቆጣሪው ማሽኑ የቆመበትን ደቂቃ ይዞ ወደ ፕሮግራሙ ይልካል። የማጥቢያውን ቁልፍ የነካው የለም። ረፋዱ ላይ አያቶችና ጎረቤቶች ሕፃናቱን ታቅፈው በር ድረስ ይመጣሉ። እናትየው ለጓደኞቿ ምልክት እንዲሆን የማሽኑ መብራት ላይ ቁራጭ ጨርቅ አስራ ትነሳለች። ያኔ በግራዋ ያለችው ጠጋ ብላ ጥቂት ትሰፋላታለች፤ እሷ ወደ ራሷ ማሽን ስትመለስ በቀኝ ያለችው ትተካለች። እናትየው እስክትመጣ ማሽኑ አይቆምም። ይህን ያዘዛቸው የለም፤ ቆጣሪው ከመምጣቱ በፊት የኖረ ልማዳቸው ነው። ለቆጣሪው ግን እናትየው ከወንበሯ አልተነሳችም። በሌላ ሰው ማሽን መስፋት ደግሞ በፋብሪካው ሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ ለማጥባት የሚቆመው ደቂቃ ከደመወዝ እንዳይቆረጥ የሚል ወረቀት ብቻ አስፈረመችው።

በምሳ ሰዓት ወደ ግቢው ወረደች። ሴቶቹ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጠው ይበሉ ነበር። ከመካከላቸው የባሏ እህት አለች፤ የወለደችው በቅርቡ ነው። የእትዬ መስፈርት ባል ካረፈ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ቤት ይኖራሉ። ስለ እሱ አያወሩም። ስለ ሕፃኑ ያወራሉ።

«ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ እትዬ መስፈርት መጣች!» አለች አንዷ።

«ዛሬ ደግሞ ምናችንን ልትለኪ ነው?» አሉ እማማ መርፌ። ከሰፊዎቹ ሁሉ በዕድሜ የገፉት እሳቸው ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው በምላሳቸው ነው። «ምሳችንን እንዳይሆን ብቻ። እሱ ሳይለካም ያንሳል።»

ሳቁ። እሷም ለመሳቅ ሞከረች።

«ከነገ ጀምሮ የምታጠባ ሴት ስትነሳ ቁልፉን ትጫን» አለች። «ማሽኗን ደግሞ ማንም እንዳይነካው። ይቁም።»

«ይቁም? ፊሽካስ?» ፊሽካ የሚሉት የመስመሩን ተቆጣጣሪ ነው፤ ድምፁ ጆሮ ይበሳል።

«ይጩኽ። ደቂቃው ከማንም ላይ አይቆረጥም። ሥራ አስኪያጁን አስፈርሜዋለሁ።»

እማማ መርፌ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ። «እኔ ልጆቼን ሳጠባ ማሽኔ ቆሞ አያውቅም። ጓደኞቼ ሰፉልኝ። አሁን ይቺ ልጅ ጡቷ ሸሚዟን እያራሰው ስትነሳ እጄን አጣጥፌ ልያት?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ለምን ብዬ?»

«ማሽኑ ካልቆመ ማጥባቷ አይታይም። ካልታየ ክፍሉ ዓርብ ይዘጋል። ከዚያ የት ልታጠባ ነው፣ መጸዳጃ ቤት?»



«እንግዲህ መረዳዳታችን ነው ጉድ ያደረገን» አለች የባሏ እህት ቀስ ብላ።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

«መቼ አጣሁት እትዬ። ፊትሽ ገርጥቷል፤ ነይ ቁጭ በይና አንድ ቅመሺ።»

አልተቀመጠችም። ብትቀመጥ የምትነሳ አልመሰላትም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የባሏ እህት ጨርቋን አስራ፣ ቁልፉን ተጭና ወጣች። ማሽኑ ቆመ። ከኋላ የሚመጣው የጨርቅ ጥቅል ጠረጴዛዋ ላይ ይከመር ጀመር። ከፊት ያለችው ሰፊ የምትቀበለው አጥታ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በግራዋ የተቀመጡት የእማማ መርፌ ቀኝ እጅ ሳያዙት ወደ ጎን ሄደ። በግራቸው መታ አድርገው መለሱት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሄደ፤ ይኼኔ ተቀመጡበት።

ፊሽካ እየሮጠ መጣ። «ይሄ ማሽን ለምን ቆመ?»

«እያጠባች ነው» አሉ እማማ መርፌ።

«ትናንትስ አታጠባም ነበር? ልጁ ትናንት ጾም ነበር?»

እትዬ መስፈርት ደረጃው ላይ ቆማ ታያለች። ወርዳ እዚያ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ደስ ባላት፤ መስፋት ግን አትችልም፤ የምትችለው መቁጠር ብቻ ነው።

ቀዩ ረድፍ ከሰዓት በኋላ ቢጫ ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ሌሎቹም እናቶች ቁልፉን ሲጫኑ አረንጓዴ በራ። ገምጋሚው ትሁት ሰው ነበር። የክፍሉን ፍራሽ፣ መጋረጃውንና ማስታጠቢያውን አየ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን።

«ከዜሮ ተነስታችሁ እዚህ መድረሳችሁ ትልቅ ለውጥ ነው» አለ። «ለሌሎችም ትምህርት ይሆናል።»

ሥራ አስኪያጁ ገምጋሚውን ሸኝቶ ሲመለስ እጇን ጨበጣት። መደርደሪያው ቀረ። «አሁን ደቂቃው ስለታወቀ ተራ እናወጣለን» አላት። «ሁሉም በየሰዓቷ ትወጣለች።»

«ሕፃን በተራ አይርበውም።»

«መስፈርቱ ስለ ተራ የሚከለክለው ነገር አለ?»

አሰበች። «የለም» አለች።

ሰኞ ረፋድ ወደ መስመሩ ወረደች። የባሏ እህት ማሽን ቆሟል፤ ጨርቁ መብራቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጥቅሉ ተከምሯል። ግራና ቀኝ ያሉት አንገታቸውን ደፍተው የራሳቸውን ይሰፋሉ። የእማማ መርፌ እጅ ወደ ጎን አልሄደም።

ጎንበስ ብላ በጆሯቸው «ገምጋሚው እኮ ሄዷል» አለቻቸው።

«አይቼዋለሁ ሲወጣ።»

«እና?»

«እናማ፣ ብሰፋላት ቁጥሩ ይቀንሳል። ቁጥሩ ከቀነሰ ክፍሉ ይዘጋል። አንቺው አይደለሽ ያስረዳሽን?» አሉ፤ በቁጣ አልነበረም። ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የባሏ እህት ትከሻዋ ላይ የወተት እርጥበት ይዛ መጣች። ክምሩን አየችው፤ ጓደኞቿን አየች። ጨርቁን ፈታ ኪሷ ከተተችው።

«ክፍሉ ግን ተረፈልን» አለች፣ እትዬ መስፈርትን ልታጽናና።

«ተረፈ።»

እትዬ መስፈርት የላይኛውን ጥቅል አንስታ እጇ ወደሚደርስበት አቀረበችላት። ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ በየመካከሉ እያረፈች፣ ወደ ቢሮዋ ወጣች።