ከመቼ ጀምሮ?

ልብስ ሰፊዋ እሁድን የናፈቀችው ለእንቅልፍ አልነበረም፤ ለጣቷ ነበር። ማክሰኞ ዕለት የፋብሪካው መርፌ የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ወጋት። በሥራ ቀን የታመመን ሰው በማግስቱ የሚተካ አለቃ ነበራትና፣ ጣቷን በጨርቅ ቁራጭ ጠምጥማ ሳምንቱን እንደምንም ገፋችው። የሰፈሯ ጤና ጣቢያ ሥራ ስትገባ ገና አልተከፈተም፤ ስትወጣ ተዘግቷል፤ እሁድማ ጭራሽ ሰው የለበትም። በሩ የማይዘጋው የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ብቻ ነው።

ምክር ስለማይነጥፍባት «ምክር ቤት» የሚሏት፣ በአጠገቧ ማሽን የምትሠራው ጓደኛዋ አስቀድማ አስጠንቅቃታለች። የቆየ ሕመም ነው ካልሽ በሥራ ቀን ተመላላሽ ክፍል ነይ ብለው ይሸኙሻል፤ ስለዚህ «ከመቼ ጀምሮ?» ሲሉሽ «ዛሬ» በይ አለቻት።

እንደተመከረችው አደረገች። በሩ አጠገብ ሕሙማንን በሕመማቸው ክብደት የምትለየው ነርስ ቀና እንኳ ሳትል «ዛሬ፣ መርፌ ወጋት» ብላ ጻፈችና አረንጓዴ ካርድ ሰጠቻት። አረንጓዴ ማለት መጠበቅ የሚችል ማለት እንደሆነ ልብስ ሰፊዋ የገባት፣ ከኋላዋ የመጡት ሁሉ እየቀደሟት ሲገቡ ነው። ረፋዱ አልፎ ከሰዓት ሆነ። ጣቷ እንደ ልብ ይመታ ጀመር፤ ከጨርቁ ሥር የወጣ ቀይ መስመርም አንጓዋን አልፎ ወደ ክርኗ ይሳብ ነበር። ያለዚያ ጣት ጨርቅ መምራት አትችልም፤ ሌላ ሙያም የላትም። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ይመልሷት ይሆናል።

ተነሥታ ወደ ነርሷ ሄደች።

«እህቴ፣ ዋሽቻለሁ። ማክሰኞ ነው የወጋኝ።»

ነርሷ ጨርቁን ፈታች፤ መስመሩን በዓይኗ ተከትላ በረጅሙ ተነፈሰች።

«እሁድ የሚመጣው ሰው ሁሉ ዛሬ ነው የሚያመው» አለች ካርዱን በቀይ እየለወጠች። «በሽታውም እንደ እናንተ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ውሎ እሁድ ዕረፍት ይወጣል። ማክሰኞ ብትዪኝ እኮ ጠዋት አስገባሽ ነበር።»

መግሉ ወጣ። ሐኪሙ ጣቷ እንደሚተርፍ፣ ግን መድኃኒቱ በደም ሥር ስለሚሰጥ ሁለት ቀን መተኛት እንዳለባት ነገራት። ነገ እኮ ሰኞ ነው አለችው።

«ጣትሽ ሰኞን አያውቅም» አለች ነርሷ ፕላስተሩን እየለጠፈች።

ልብስ ሰፊዋ በግራ እጇ ለምክር ቤት ደወለችና ነገ እንደማትገባ ለአለቃው እንድትነግርላት ለመነቻት። ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር አጠራት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያመማት ቢለኝስ?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዛሬ በዪው።»