የወንድምና የእህት ደም

«አልሰጥም አልኩ አልሰጥም!» አሉ አባቷ እጅጌያቸውን ወደ ታች እየሳቡ።

ልጅቱ መርፌውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። በሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ስምንት ዓመት ስትሠራ የስንቱን ደም ቀድታለች፤ እንደ ወላጅ አባቷ ያስቸገራት ግን የለም። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። አምና የመርሳት በሽታ ጀመራቸውና የግራና የቀኙን እጅጌ እያቀያየሩ መስፋት ሲጀምሩ መቀሳቸውን አስቀመጡ። ታናሽ እህታቸው ደግሞ እዚያው ሆስፒታል ፎቅ ላይ፣ ከጭንቅላታቸው ዕጢ ወጥቶላቸው ተኝተዋል።

«አባዬ፣ የሁለታችሁን ደም ጎን ለጎን ማየት አለብን።»

«የእሷን ዕጢና የእኔን መዘንጋት ምን አገናኛቸው?»

«የምናጠናው አንድ ፕሮቲን አለ። ህዋስ ሲበላሽ 'ይሙት ወይስ ይቆይ' ብለው ከሚወስኑት አንዱ ነው። ሥራው ሲዛባ ባንተ በኩል መኖር የሚገባው ይሞታል፤ በአክስቴ በኩል መሞት የሚገባው 'አልሞትም' ይላል። ገና ጥርጣሬ ነው፤ አላረጋገጥንም።»

«እሷማ ከልጅነቷም እምቢተኛ ናት!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ደሜን ከሰጠሁ መታመሜን ታውቃለች። እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት። በሕመሟ ላይ የእኔን ጭንቀት ልጨምርባት?»

ሁለቱም አውቀው ካልፈረሙ ጥናቱ አይሆንም፤ ልታስገድዳቸው ግን አልፈለገችም። «እሺ ይቅር። እንጠይቃትና ወደ ቤት እንሂድ» አለችና ክንዳቸውን ይዛ ወደ ፎቅ አወጣቻቸው።

አክስቷ ራሳቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ተደግፈዋል።

«እንዴት አደርሽ?» አሉ አባቷ።

«ደህና።»

ጥቂት ተጫወቱና፣ «እንዴት አደርሽ?» አሉ ደግመው።

አክስቷ የወንድማቸውን እጅ ያዙ። «ጋሼ፣ ትናንት ሦስት ጊዜ ደውለህ ያንኑ ወሬ ነገርከኝ። የታመምኩት ጭንቅላቴን እንጂ ጆሮዬን አይደለም!»

«አውቀሻል ማለት ነው?»

«ካወቅኩማ ከርሜአለሁ። እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»

አባቷ አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ከንፈራቸው ግን ሳቅ ይዞታል። «በይ ልጄ፣ የሚፈረመውን ወረቀት አምጪ። ዛሬ ልቤ ብሩህ ነው።»

ወንድምና እህት ተራ በተራ ፈረሙ። ልጅቱ ደም መቅጃውን ልታመጣ ተነሣች። አክስቷ ግን እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው ከዛፍ የወደቁበትን ቀን ማውራት ጀምረው ነበር፤ አባቷም አንዲት ነገር ሳይስቱ ይቀጥሉላቸዋል።

ደሙ ከሰዓት በኋላም ይደርሳል ብላ፣ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።