እናንተ ጋይንቴዎች

ቃሉ መሰለችን የከነከናት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ዕፅዋት የምታጠናው ልጇ ጽዮን፣ ላቲኖች አገር ስም ላይ «ኢካ» ቀጥለው «የዚያ አገር» እንደሚሉ፣ ኑጋችንም በሳይንስ ስሙ «አቢሲኒካ» የተባለው በዚሁ እንደሆነ ስታስረዳት ቆይታ፣ «እናንተ ጋይንቴዎች ጋይንት ላይ ‹ኤ› እንደምትቀጥሉት ነው» ብላት ነበር።

እናንተ። እኛ አላለችም። ከእኛ ተቆርጣለች ማለት ነው፤ ወይ ሳትነግረን አግብታለች።

ኔትወርክ የሚገኘው አጥሩ ጥግ ስለሆነ መሰለች ነጠላዋን ደርባ እንደገና ወጣች።

«አንቺ ሴት፣ ጅብ ልታስገቢብን ነው? በሩን ዝጊው እንጂ» አለ ባሏ ሀብቴ ከውስጥ።

«አንተ እያለህ ምን ቆርጦት ይገባል» ብላ ደወለች።

«አንቺስ ጋይንቴ አይደለሽም ወይ?» አለቻት ልጇን፣ ሰላም እንኳ ሳትላት።

 «እዚህ በስሜ የሚጠራኝ የለም፣ እማ። ጋይንቴ ነይ፣ ጋይንቴ ሂጂ ነው። ሰልችቶኝ ነው። እስቲ አንቺ ጥሪኝ።»

«ጽዮኔ።»

«ይሄኛው ‹ኤ› የእኔ ማለት ነው» አለች ልጅቷ። «ድገሚልኝ።»

መስመሩ ተቋረጠ። መሰለች ለጨለማው ደገመችው፤ ከዚያም ገብታ በሩን ቀረቀረች።